ዕዳውን አንክድም፤ ውሉን ግን እናንብበው

በአገራችን ከሚፈረሙት ውሎች መካከል ሳይነበብ በመፈረም የኮስት ሼሪንግን ውል የሚያህል ያለ አይመስለንም። ቤት የሚከራይ ሰው ውሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነባል፤ በሬ የሚሸጥ ገበሬ እማኝ ያቆማል፤ ዕቁብ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ስለ ዳኛውና ስለ ዋሱ ይጠይቃል። ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ግን በምዝገባ ግርግር መካከል፣ ከመኝታ ክፍል ቁልፉና ከካፌ ካርዱ ጋራ የሚሰጠውን ወረቀት ቆሞ ይፈርምና ወደሚቀጥለው ሰልፍ ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ ቅጂው በእጁ አይቀርም። ወረቀቱን እንደገና የሚያስታውሰው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ሊወስድ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ ወረቀት ነው። በግቢያችን ውስጥ ስለ ኮስት ሼሪንግ ሁለት ዐይነት ወሬ ይወራል። አንደኛው «መንግሥት በነፃ እያስተማራችሁ ምን ጎደለብን ትላላችሁ?» የሚለው የአንዳንድ ኀላፊዎችና፣ ሳንደብቅ እንናገር፣ የአንዳንድ መምህራን ወሬ ነው። ሁለተኛው «ግድ የለህም ፈርም፤ ማን ይከፍለዋል?» የሚለው የኛው የተማሪዎች ወሬ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የሚበቅሉትም ከአንድ ሥር ነው፤ ይኸውም ውሉን ካለማንበብ።

ነገሩ ከየት መጣ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ የሚበሉትም የሚተኙትም በመንግሥት ወጪ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የአዳሪነቱ ሥርዐት በዋናው ግቢ ሲቀር የተማሪው ኑሮ የክርክር ርእስ ሆነ። በደርግ ዘመን ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በነፃ ነበር። ነገሩ በመርሕ ደረጃ የተለወጠው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንደሚያስተምር፣ ከዚያ በላይ ግን ወጪን መጋራት እንደሚመጣ አስታወቀ። መርሑ ሕግ የሆነው በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 351 ነው፤ በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ዝርዝሩን አወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 154 ተከተለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152ም የወጪ መጋራትን መርሕ ይዞ ቀጠለ።

ምክንያቱ አይጠፋንም። በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ለጥቂት መቶ ተማሪዎች የተሰፋ ልብስ ለመቶ ሺሆች አይበቃም። ይህን የማይረዳ ተማሪ የለም።

የሥርዐቱ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ሲማር ከኪሱ አውጥቶ እንዲከፍል አይገደድም፤ ዕዳው በስሙ ይጻፋል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በ1995ቱ ደንብ ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅበት ጊዜ ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍል ተፈቀደለት። ከካፌ መብላት የማይፈልገው፣ እኛ «ነን ካፌ» የምንለው ተማሪ፣ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ ያም ገንዘብ በዕዳነት ይያዝበታል።

ስሙ ግብር፣ ግብሩ ብድር

መንግሥታት ተማሪን የሚረዱባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የማይመለስ እርዳታ ነው። በአሜሪካ ፔል ግራንት የሚባለው፣ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ የወላጆቻቸውን ገቢ በቅጽ ሞልተው የሚጠይቁት፣ የዚህ ዐይነት ነው። የድኻ ልጅ ያገኛል፤ የሀብታም ልጅ አያገኝም፤ ያገኘውም አይመልስም። ሁለተኛው ብድር ነው። ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ባቋቋመችው የብድር ቦርድ በኩል በዓመት 4 በመቶ ወለድ የምታበድረው የዚህ ዐይነት ነው። ሦስተኛው የምሩቅ ግብር ነው። የተማረ ሰው ከገቢው ለተወሰነ ዘመን ወይም እስከ ጡረታው ድረስ ይከፍላል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት።

የኛው የቱ ነው? በሕጉ የተሰጠው ስም የምሩቅ ግብር ነው። ነገር ግን እውነተኛ ግብር ተቆጥሮ የሚያልቅ ዋና ገንዘብ የለውም። የኛው በብር ተቆጥሮ የተጻፈ ዕዳ አለው፤ ዕዳው ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። ስለዚህ ስሙ ግብር ነው፤ ግብሩ ግን ብድር ነው። ይህን የምንለው በቃላት ለመጫወት አይደለም። በግብርነቱ ብቻ ቢቆም ኖሮ «ደመወዙ ለዳቦ በማይበቃ ምሩቅ ላይ ለምን ይጣላል?» ብለን እንከራከር ነበር። በብድርነቱ ብቻ ቢቆም ኖሮ «አበዳሪው የሒሳቡን መግለጫ ያምጣ» ብለን እንከራከር ነበር። ሁለቱንም ስም ስለያዘ ከሁለቱም ግዴታ ያመልጣል። በግብርነቱ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፤ በብድርነቱ ዲግሪን በመያዣነት ያስቀምጣል። ከሦስቱ መንገዶች አንደኛው፣ ማለት የማይመለሰው የድኻ ተማሪ እርዳታ፣ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

በገበሬው ስም የሚቀርበው ክርክር

ከሁሉ የከበደው ክርክር ይህ ነው። «አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ ነው። ገበሬው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባ፣ በሳሙናና በጨርቅ ላይ በሚከፍለው ግብር የእናንተን ምሳና እራት ለምን ይሸፍናል? ነገ ከሱ የተሻለ ኑሮ የምትኖሩት እናንተ አይደላችሁም?» ይሉናል። ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም፤ በፉከራም አይመለስም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ወራሾች ነን የምንል ከሆነ፣ የገበሬውን ጥቅም የሚያነሣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮ የምንሰጠው እኛ ልንሆን ይገባል። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ሕዝብ የሚያገለግሉበት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። የተማረ ሰው ለሕዝቡ ባለዕዳ ነው የሚለው አሳብ በባዕድ ምክር የመጣብን አይደለም፤ በዚህ ግቢ ውስጥ የኖረ አሳብ ነው። ስለዚህ ዕዳውን አንክድም።

ነገር ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። የገበሬው ጥቅም ከልብ ከታሰበ መጀመሪያ መታየት ያለበት የገበሬው ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ የሚመድብለት መንግሥት ነው፤ አገሩ ሰሜን ሆኖ ምድቡ ደቡብ ሊሆን ይችላል። የአውቶቡሱን ዋጋ ለማግኘት ከቤት በግ ይሸጣል። ግቢ ከደረሰ በኋላ ከካፌው ወጥና ከዶርሙ አልጋ ሌላ የሚያስፈልገው ሁሉ ከኪሱ ነው፤ ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ የሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙናው፣ ጫማው። እኅቶቻችን ደግሞ በየወሩ ሞዴስ መግዛት አለባቸው። የአንድ ሞዴስ መግዣ አጥታ ክፍል የምትቀር ተማሪ መኖሯን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምናፍረው ግን ለመናገር ነው። ቆንጆ ንግግር ስለ «ተደራሽነት» ሲደረግ የምንሰማው እኛ፣ ይህን ጉዳይ በስብሰባ አጀንዳ ላይ ስናየው እምብዛም ነው። በአንዳንድ ግቢ ለችግረኛ ተማሪ ከቀበሌ በመጣ ደብዳቤ ትንሽ ድጋፍ ይደረጋል፤ ለዚያ እናመሰግናለን። ነገር ግን በኀላፊው ቸርነትና በበጎ አድራጊዎች መዋጮ የሚቆም ነገር መብት አይባልም፤ ኀላፊው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ከዚህ ልጅ ጎን የሚቀመጠው የባለ ፎቁ ልጅ ነው። የኪስ ገንዘቡ በየሳምንቱ በስልኩ ይገባለታል። ሁለቱም የሚፈርሙት አንድ ወረቀት ነው፤ የሚጻፍባቸውም ዕዳ አንድ ነው። የቤተ ሰባቸውን ኑሮ የጠየቀ የለም። «ለሁሉም እኩል ነው» ይሉናል። ከባድ ጭነት የሚችለውን በቅሎና ግልገሏን እኩል መጫን እኩልነት ከተባለ እኩል ነው። ከዚህም የባሰ አለ። በ1995ቱ ደንብ ድርሻውን በየዓመቱ አስቀድሞ ለሚከፍል ተማሪ 5 በመቶ ቅናሽ ተፈቀደ። አስቀድሞ መክፈል የሚችል ማን ነው? የገበሬው ልጅ ሙሉውን ይከፍላል፤ የባለ ፎቁ ልጅ በቅናሽ ይማራል። በገበሬው ስም የተጀመረው ክርክር መድረሻው ይህ ከሆነ፣ ገበሬው የተጠራው ለምስክርነት እንጂ ለፍርድ አይደለም ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም ለሚሉን ደቡብ አፍሪካን እንጠቅሳለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የዚያ አገር ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን በመቃወም ተነሡ። በዲሴምበር 2017 መንግሥታቸው የቤተ ሰባቸው ገቢ በዓመት ከ350,000 ራንድ ለማይበልጥ ተማሪዎች ድጋፉ ከብድር ወደማይመለስ እርዳታ እንደሚለወጥ አስታወቀ። አፈጻጸሙ ብዙ ችግር አለበት፤ ገንዘቡ የሚዘገይባቸው ተማሪዎች ዛሬም ይጮኻሉ። መርሑ ግን ግልጽ ነው። የድኻውና የሀብታሙ ልጅ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሀብታችን ከነሱ ሀብት እንደማይወዳደር እናውቃለን። እንዲያውም ገንዘብ ያነሰው መንግሥት ያለውን ለማን እንደሚሰጥ ይበልጥ መምረጥ ይገባዋል።

«በነፃ የምትበሉ»

አሁን ወደ ካፌው እንግባ። ስለ ወጡ መቅጠንና ስለ ዳቦው ማነስ አቤት ያለ ተማሪ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «በነፃ እየበላችሁ ታማርጣላችሁ!» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ደንቡን አላነበበም። የምግቡን ዋጋ ሙሉ በሙሉ የምንሸከመው እኛ ነን። ዛሬ በአፋችን የገባችው ጉርሻ ነገ ከደመወዛችን ላይ ትነሣለች። ምጽዋት ተቀባይ ስለ ምጽዋቱ ላይጠይቅ ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍል ሰው ግን ምን እንደ ገዛ የመጠየቅ መብት አለው። በሰፈር ሻይ ቤት እንኳ ሁለት ሳምቡሳ የበላ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ቆጥሮ ይከፍላል።

በዓመት የሚጻፍብን የምግብ ዋጋ እንዴት ተሰላ? ስንት ወር፣ ስንት ቀን ተብሎ ተቆጠረ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሸኝ፣ በሌላም ጊዜ በየክፍለ አገሩ በጸጥታ ምክንያት ግቢ ሲዘጋ፣ ያልተበላው ምግብና ያልተተኛበት አልጋ ከዕዳው ተቀነሰ ወይስ አልተቀነሰም? ይህን ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት መስኮት ለተማሪው ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ከሬጅስትራር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት መመላለስ ነው።

ጥያቄው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጣም ከብዷል። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ዘይቱም፣ ምስሩም፣ ማጓጓዣውም ተከትሎት ሄዷል። ለተማሪ የሚመደበው የምግብ በጀት ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው፤ የራበው ሰው አይማርም። ነገር ግን በጀቱ ከፍ ሲል ዕዳውም አብሮ ከፍ ማለቱን የሚነግረን የለም። ምግቡ ተሻሻለ ተብሎ የሚጨበጨብበት አዳራሽ ውስጥ ሒሳቡ ወደማን እንደሚሄድ ተጠይቆ አያውቅም። መምህራኖቻችን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ሲያስተምሩን ነፃ ምሳ የሚባል ነገር የለም ይሉናል። እኛም እንስማማለን። ታዲያ ነፃ ካልሆነ ደረሰኙ ይሰጠን።

በመያዣ የተያዘ ዲግሪ

ተማሪው ሲመረቅ ጊዜያዊ ማስረጃ ይሰጠዋል። ዋናውን ዲግሪና በይፋ ወደ ሌላ ተቋም የሚላከውን የውጤት መግለጫ ለማግኘት ግን የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ማምጣት አለበት። ክሊራንስ ማለት ከፍዬ ጨርሻለሁ ማለት ነው። አንዳንድ አሠሪ ጊዜያዊውን አይቶ ይቀጥራል። አንዳንዱ ዋናውን ካላየሁ ይላል። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ ምሩቅ ደግሞ ያለ ይፋዊ የውጤት መግለጫ ደጁንም አይረግጥም። እንግዲህ ነገሩን በተራ ስናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል። ዕዳውን ለመክፈል ጥሩ ሥራ ያስፈልጋል፤ ጥሩውን ሥራ ለማግኘት ዲግሪው ያስፈልጋል፤ ዲግሪውን ለማግኘት ዕዳው መከፈል አለበት። አባትየው ተበድሮ የሚከፍልለት ወጣት ከዚህ አዙሪት ይወጣል። የሌለው ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳለው ሰው ሆኖ ይኖራል።

ማናቸውም አበዳሪ መያዣ መጠየቁን አንቃወምም። ነገር ግን አስተዋይ አበዳሪ ከገበሬ ላይ ማረሻውን በመያዣ አይወስድም፤ ማረሻው ከተወሰደ ዕዳው በምን ይከፈላል? ዲግሪ የምሩቅ ማረሻው ነው። ሕጉ ከደመወዝ ላይ መቁረጥን ካዘዘ፣ አሠሪውንም ካስገደደ፣ መሰብሰቢያው በቂ ነው። መሰብሰቢያው ስላልሠራ ማረሻውን መያዝ የመሥሪያ ቤትን ድካም በምሩቁ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ስለ 10 በመቶውም አንድ ቃል እንበል። የገቢ ግብር ሕጋችን ዝቅተኛውን ደመወዝ ከግብር ነፃ ያደርጋል፤ ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር የግብሩም መጠን ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። የምሩቅ ግብር የተባለው ግን መነሻው ለሁሉም 10 በመቶ ነው። 5,000 ብር ከሚያገኝ ጀማሪ ሠራተኛ 500 ብር፣ 30,000 ብር ከሚያገኝ 3,000 ብር ይነሣል። በመቶኛ ሲታይ እኩል ነው። 500 ብር ለመጀመሪያው የቤት ኪራዩ ቁራጭ ነው፤ 3,000 ብር ለሁለተኛው የሚያስቀምጠው ገንዘብ ቁራጭ ነው። ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶና የገቢ ግብሩ ደግሞ ከዚህ በላይ ናቸው። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን የመሰለ ከገቢ ላይ የሚከፈል የትምህርት ዕዳ የጀመረችው አውስትራሊያ፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ምሩቅ ምንም እንዳይከፍል አድርጋለች። የሥርዐቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ያላገኘ አይከፍልም፤ ሲያገኝ ይከፍላል። ፍሬውን ጥሎ ገለባውን ማምጣት ምን ይጠቅማል?

«ቢያንስ» የምትለዋ ቃል

በደንቡ ውስጥ ከሁሉ የምታስፈራን ትንሿ ቃል ናት። ከትምህርቱ ወጪ «ቢያንስ» 15 በመቶ፤ ከደመወዙ «ቢያንስ» 10 በመቶ። «ቢያንስ» ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። እንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። እስከ 1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአገሩ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይከፍልም ነበር። በዚያ ዓመት በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ተጣለ፤ ትንሽ ነው ተባለ። በ2006 እስከ 3,000 ደረሰ። በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። በ14 ዓመት ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት ያው አንድ ነበር፤ የተማሪ ቁጥር በዝቷል፣ መንግሥት አይችልም።

በኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በተራቸው እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝነትን ለአካዳሚክ ነፃነቱ ስንል እንደግፋለን፤ የተማሪና የመምህር ማኅበራት ለረጅም ዘመን የጠየቁት ነገር ነው። ነገር ግን ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም ገንዘብ ሲያጥረው ወደማን እንደሚያይ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጣሪያው መጻፍ ያለበት ዛሬ ነው፤ ዝናቡ ከመጣ በኋላ አይደለም።

«ማን ይከፍለዋል?» ለምንለው

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ወገን እንመለስ። «ፈርም፤ ማን ይከፍለዋል?» የሚለው ጓደኛችን ጀግና የሆነ ይመስለዋል። እስቲ ማን እንደሚከፍለው እንንገረው። በመንግሥት ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ይከፍለዋል፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትከፍለዋለች፤ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ይከፍለዋል። የነሱ ደመወዝ የተደበቀ አይደለም። ሳይከፍል የሚሰነብተው በግሉ የሚነግደውና ገቢው በወረቀት የማይታየው ነው፤ ማለት ብዙውን ጊዜ ከነርሷ የተሻለ የሚያገኘው። እንግዲህ «ማን ይከፍለዋል» ማለት «ነርሷ ትክፈል» ማለት ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ዕዳውን የካደ ሰው ስለ ዕዳው አወጣጥ የመከራከር አፍ አይኖረውም። ላለመክፈል ያሰበ ሰው ዋጋው አላግባብ ቢጨመርበት ምን አገባው? ስለዚህ ዝም ይላል። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ሒሳቡን የሚጽፈው ክፍል ብቻውን ይጽፋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል፤ እኛስ ቸግሮን ነው የተበደርነው። የቸገረውም ሰው ቢሆን ጤፉ ሲሰፈርለት ቁናው ሙሉ መሆኑን ያያል።

የምንጠይቀው

ጥያቄዎቻችን ስድስት ናቸው። ማናቸውም ከአቅም በላይ አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ከወረቀትና ከቀለም በቀር ወጪ የላቸውም።

1. ውሉ ከምዝገባው ቀን ቀደም ብሎ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ፤ ከፈረመም በኋላ ቅጂው በእጁ ይቅር።

2. በየዓመቱ መጨረሻ ለያንዳንዱ ተማሪ ለምግብ ስንት፣ ለመኝታ ስንት፣ ለትምህርት ስንት እንደተጻፈበት የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ ይሰጠው። ግቢው የተዘጋበት ጊዜ እንዴት እንደተሰላም ይገለጽ።

3. የዓመቱ ዋጋ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የተማሪዎች ኅብረትና የመምህራን ተወካዮች ይገኙ።

4. አስቀድሞ ለሚከፍል የሚሰጥ ማናቸውም ቅናሽ ይቅር። በዚህ የሚተርፈውና ከምሩቃን የሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ክፍል ለችግረኛ ተማሪዎች በየወሩ የሚሰጥ የማይመለስ እርዳታ ይሁን። የሴት ተማሪዎች ሞዴስ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ እርዳታ ውስጥ ይግባ።

5. ከተወሰነ ደመወዝ በታች የሚያገኝ ምሩቅ እስኪሻሻልለት ድረስ እንዳይከፍል፣ ከዚያ በላይ ያለውም እንደ ገቢው ደረጃ እንዲከፍል ይደረግ። የተማሪው ድርሻና የደመወዙ ቁራጭ ጣሪያ በሕግ ይጻፍ።

6. ዋናው ዲግሪ በምረቃ ቀን ይሰጥ። ዕዳው በአሠሪው በኩል ይሰብሰብ።

ከነዚህ ጥያቄዎች መካከል «አንከፍልም» የሚል እንደሌለ አንባቢ ልብ ይበል። ሒሳቡን የሚጠይቅ ተበዳሪ ለመክፈል ያሰበ ተበዳሪ ነው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት የምግብና የመኝታ ዕዳ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ከኛ በዕድሜ የማይርቁት ደግሞ ይህንኑ ዕዳ በማስተማር አገልግሎት እየከፈላችሁ ነው። ሁለታችሁም ነገሩን ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሕግ መምህራን ውሉን፣ የኢኮኖሚክስ መምህራን ሒሳቡን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ንግግር ብታስረዱ፣ ይህ ጋዜጣ በአሥር እትም ከሚሠራው ሥራ የበለጠ ትሠራላችሁ።

ለጓደኞቻችንም እንዲህ እንላለን። በሚቀጥለው ምዝገባ ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ሰልፉ ቢረዝምም ቁሙና አንብቡት። ያልገባችሁን ጠይቁ። መልስ ያላገኛችሁበትን ጥያቄ ጽፋችሁ ለክፍል ተወካያችሁ ስጡ፤ ተወካዮቹም ሰብስበው ለኅብረቱ ያምጡ። ኅብረቱ ጥያቄዎቹን ይዞ ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል፤ የተሰጠውን መልስ፣ መልስ ካልተሰጠም አለመሰጠቱን፣ በዚህ ጋዜጣ ያወጣል። አንብበን የፈረምነውን እንከፍላለን። ሳናነብ መፈረም ግን ከዚህ ዓመት ይብቃ።